የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋው ልክ ነው ወይ? ጀንፈሉን ፈልፍሎ የማየት ዘዴ

ሙያዬ ደብተር መያዝ ነው። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ለቡና አቅራቢዎች የሂሳብ መዝገብ ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አክሲዮን አልሸጥም፣ ኮሚሽንም የለኝም። ይህን የምጽፈው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ለኔ ደብተር ላይ ያሳየሽኝን ለጓደኞቼም ጻፊላቸው» ብሎ ስለጨቀጨቀኝ ነው።

እሱ አጂፕ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ እራት እየበላን ስልኩን ዘረጋልኝ። የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ገና ገበያ ያልወጣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ አክሲዮን አለን፣ አንዱ ድርሻ 17 ዶላር ነው፣ በብር አስልታችሁ በዚህ ሂሳብ ቁጥር አስገቡ» ይላል። ሂሳቡ የግለሰብ ነው። ስለ ሂሳብ ቁጥሩ ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ፤ «17 ዶላር እኮ ርካሽ ነው፣ የፌስቡኩ ከ500 በላይ ነው!»

ርካሽ የሚለውን ቃል ስሰማ ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። በዚያ ቃል እኔም ተበልቻለሁ። ከዓመታት በፊት በምሥረታ ላይ የነበረ አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራውም) «ድርሻው ዛሬ 1,000 ብር ነው፣ ነገ ይወደዳል» ብሎ 20 ድርሻ ከነአገልግሎት ክፍያው አስገዝቶኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ብር የትርፍ ድርሻ አላየሁም። የሚያሳፍረኝ ግን ብሩ አይደለም። የሰው ደብተር ስደምርና ስቀንስ እየዋልኩ «ለመሆኑ ድርጅቱ በሙሉ ስንት ተገመተ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ እናቶቻችን፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል። የውጭዎቹን ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

የአንዱን ድርሻ ዋጋ እርሱት

አንድ ኬሻ ቡና በኪሎ ብትሸጡትም በስኒ ብትሸጡትም ኬሻው ያው ኬሻ ነው። የአንድ ድርሻ ዋጋ የሚነግራችሁ ኬሻው ስንት ቦታ እንደተከፈለ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የድርሻዎቹን ብዛት በአንዱ ዋጋ ማባዛት ነው። የሚገኘው የመላው ኩባንያ ዋጋ ነው።

በቅርባችን ካለው እንጀምር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ መሸጥ ሲጀምር አንዱ 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 ድርሻ፣ ማለትም 9,900 ብር። ጎረቤቶቼ «300 ብር ብቻ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን ድርሻ ነው፤ ይህም የኩባንያው 10 በመቶ ነው ተብሏል። ስለዚህ 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ብር፣ ሙሉው 300 ቢሊዮን ብር ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት ያተረፈው 21.8 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። 300ን ለ21.8 ስታካፍሉት 14 አካባቢ ይመጣል። ኩባንያው ምንም ሳያድግ በዚያው ትርፍ ቢቀጥልና ትርፉ በሙሉ ኪሳችሁ ቢገባ፣ ብራችሁ በ14 ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። ይህን ቁጥር እኔ «የመመለሻ ዓመት» እለዋለሁ። ባለሙያዎቹ የዋጋና የትርፍ ንጽጽር ይሉታል።

አሁን ወደ ፌስቡክ። በግንቦት 2012 ለሕዝብ ሲሸጥ ድርሻው 38 ዶላር፣ መላው ኩባንያ 104 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያተረፈው 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። የመመለሻ ዓመቱ 104!

የእህቴ ልጅ «ታዲያ ያበዱ ነበሩ?» አለ። ቆይ፣ አልኩት።

ጀንፈሉን ፈልፍሉ

ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ገዝቶ የሚያውቅ ሰው የኬሻውን ቁመት አይቶ አይከፍልም። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ቢወጣው ነው፤ የቀረው ገለፈት ነው። ከወጣውም ላይ ጥቁሩ፣ የተበላው፣ የተሰባበረው ይለቀማል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ንግድ ተጠቃሚው ጀንፈል ነው። ገቢው ከመፈልፈያ የወጣው ነው። የተጣራ ትርፉ ደግሞ ተለቅሞ፣ የሠራተኛው፣ የመብራቱ፣ የታክሱ ሁሉ ተከፍሎ እጅ ላይ የቀረው ነው። ዜና አንባቢው «ይህን ያህል መቶ ሚሊዮን ተጠቃሚ» ሲላችሁ የነገራችሁ የኬሻውን ቁመት ነው።

ፌስቡክ በ2011 መጨረሻ 845 ሚሊዮን ወርኃዊ ተጠቃሚ ነበረው። የዓመቱ ገቢ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። በራስ ሲካፈል በዓመት 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ትርፍ ሆኖ የተረፈው 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው። ገዢዎቹ የከፈሉትን 104 ቢሊዮንም በራስ ብታካፍሉት 123 ዶላር ይሆናል። በዓመት 1 ዶላር ከምናምን ለሚያስገባ ሰው 123 ዶላር ከፍለዋል ማለት ነው። ይህን መደምደሚያ አታድርጉት፤ ደብተሩ ላይ ብቻ ጻፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተጠቃሚው ደንበኛ አይደለም። ደንበኛው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ሜታ (የፌስቡክ፣ የኢንስታግራምና የዋትስአፕ እናት ኩባንያ) በ2023 ካገኘው 134.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ከመቶ 98 ያህሉ የማስታወቂያ ነው። አስነጋሪ ደግሞ የሚከፍለው ገዢ ባለበት ነው። ሜታ ራሱ ባወጣው ሪፖርት፣ በ2023 የመጨረሻ ሦስት ወራት ፌስቡክ ላይ ከአንድ የአሜሪካና የካናዳ ተጠቃሚ 68.44 ዶላር አገኘ፣ ከአውሮፓ 23.14፣ ከእስያና ፓሲፊክ 5.52፣ «ከተቀረው ዓለም» 4.50። እኛ የተቀረው ዓለም ውስጥ ነን። የእህቴ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያንሸራትት አምሽቶ አንድ አሜሪካዊ ከሚያስገባው ከአሥራ አምስት አንድ እጁን ነው የሚያስገባላቸው። ስነግረው ትንሽ ተቀየመ።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ «ተጠቃሚዎቼ በ20 በመቶ አደጉ» ሲል መጠየቅ ያለባችሁ የት እንዳደጉ ነው። እድገቱ እኛን የመሰለው አገር ላይ ከሆነ ኬሻው ቁመት ይጨምራል እንጂ ንጹህ ቡናው ያን ያህል አይጨምርም።

ጥያቄውን ገልብጡት

ዋናው ይህ ነው፤ ሌላው ቢረሳችሁ ይህን ያዙ። «ዋጋው ልክ ነው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት የሰው አስተያየት ነው። «ይህ ዋጋ ልክ እንዲሆን ኩባንያው ስንት ማትረፍ አለበት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥር ደግሞ ይመረመራል።

ከደንበኞቼ አንዱ በአጋሮ መንገድ የቡና መፈልፈያ ሊገዛ ነበር። ባለቤቱ 9 ሚሊዮን ብር አለ። ደብተሩን ሳየው በዓመት የተጣራው 600 ሺህ ነው፤ 15 ዓመት። «አዎ፣ ግን የሚገባው ጀንፈል እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል» አለ ሻጩ። እኛም ተከራክረን አልተሟገትነውም። ዋጋው ልክ እንዲሆን በዓመት ስንት ኩንታል መግባት እንዳለበት አሰላንና በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች ምርት ደመርን። ቡናው በሙሉ፣ አንድ ኬሻ ለሌላ መፈልፈያ ሳይቀር እዚያ ቢገባ እንኳ አይሞላም። ደንበኛዬ ተነሥቶ ወጣ።

ለአክሲዮንም አሠራሩ ያው ነው። አንድ፦ ለምጠብቅበት ጊዜ በዓመት ቢያንስ 10 በመቶ እፈልጋለሁ በሉ። ለአምስት ዓመት ከሆነ ዋጋው በ1.6 መባዛት አለበት። ሁለት፦ ኩባንያው ያኔ ጎልማሳ ይሆናል፤ ለጎልማሳ ኩባንያ እኔ ከ20 የመመለሻ ዓመት በላይ አልሰጥም (ፈሪ ከሆናችሁ 15 አድርጉት)። ስለዚህ በ1.6 የተባዛውን ለ20 አካፍሉ። የሚወጣው በአምስተኛው ዓመት ማትረፍ ያለበት ነው።

የፌስቡክን 2012 እንሞክር። 104 ቢሊዮን በ1.6 ወደ 166 ቢሊዮን ነው፤ ለ20 ሲካፈል 8.3 ቢሊዮን ዶላር። ያኔ ከአንድ ዶላር ገቢ 27 ሳንቲም ያተርፍ ነበር፤ በዚያው መጠን 8.3 ቢሊዮን ለማትረፍ 31 ቢሊዮን ገደማ መሸጥ አለበት፤ ይህም ከ2011 ገቢው 8 እጥፍ በላይ ነው። በአምስት ዓመት! እውነቱን ልናገር፦ በ2012 ብጠየቅ «ተዉት» እል ነበር። ፕሮስፔክተሱ (ድርሻ ሲሸጡ ለገዢ ያወጡት ሰነድ) ላይ ራሳቸው ሰዉ ወደ ስልክ እየሄደ ነው፣ ከስልክ የምናገኘው ገቢ ግን ይህ ነው አይባልም ብለው ጽፈዋል። ድርሻውም በመስከረም ከ18 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ከዚያ ግን የስልክ ማስታወቂያ ተሳካላቸው፤ በ2013 መጨረሻ ከማስታወቂያ ገቢያቸው ከግማሽ በላዩ ከስልክ ሆነ። በ2016 ትርፋቸው 10.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ስሌቱ የጠየቀውን ከጊዜው ቀድመው አለፉት። እኔ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው።

ትዊተርን ደግሞ እዩ። በኅዳር 2013 ገበያ ወጣ፤ የሽያጭ ዋጋው 26 ዶላር፣ በመጀመሪያው ቀን መዝጊያ ላይ 44.90። ሙሉው ወደ 25 ቢሊዮን ነው። በ1.6 ሲባዛ 40 ቢሊዮን፣ ለ20 ሲካፈል 2 ቢሊዮን። ቁጥሩ ከፌስቡኩ ያነሰ ነው፤ እንዳያታልላችሁ። የትዊተር የ2013 ገቢ 665 ሚሊዮን ሲሆን ውጤቱም 645 ሚሊዮን ኪሳራ ነው። እንደ ፌስቡክ ከዶላሩ ሩቡን ቢያተርፍ እንኳ 8 ቢሊዮን መሸጥ ነበረበት፤ 12 እጥፍ። በ2018 የሸጠው 3 ቢሊዮን ነው። ያን ዓመት 1.2 ቢሊዮን ትርፍ አስመዝግቧል፤ ግን ከግማሽ በላዩ የታክስ ሂሳብ ማስተካከያ ነው እንጂ ከማስታወቂያ የመጣ አይደለም (የተጣራ ትርፍ የሚለውን መስመር ብቻ ሳይሆን ከሱ በላይ ያሉትን መስመሮችም አንብቡ የምለው ለዚህ ነው)። በዚያ ዓመት መጨረሻ ድርሻው ከ30 ዶላር በታች ነበር። በመጀመሪያው ቀን የገዛ ሰው አምስት ዓመት ጠብቆ ከሰረ። እስከ 2022 የጠበቀው ግን ኢሎን መስክ በ54.20 ገዝቶ ገላገለው።

ሁለቱንም ሰው ያኔ «ውድ ነው» ብሏቸዋል። ልዩነቱ ዋጋው የጠየቃቸው ሥራ ላይ ነበር፦ አንዱ የሚያተርፈውን እንዲያሳድግ፣ ሌላው ያላሳየውን እንዲያሳይ።

ናሙና ከኬሻው መሐል ይወጋል

ምርት ገበያ መጋዘን ደርሳችሁ ካያችሁ ናሙና የሚወሰደው ከኬሻው አፍ አይደለም። አፉ ላይ ሁሌም ጥሩው ነው ያለው። ለኩባንያም የሚወጉ ቦታዎች አሉ።

መጀመሪያ ሚዛኑን እዩ። ትዊተር ዓመታት ሙሉ ወርኃዊ ተጠቃሚ ሲቆጥር ኖሮ በ2018 ቁጥሩ ከ336 ሚሊዮን ወደ 321 ሚሊዮን ሲወርድ፣ ከ2019 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በኋላ ወርኃዊውን ትቼ ማስታወቂያ ሊያዩ የሚችሉ ዕለታዊ ተጠቃሚዎችን ብቻ እናገራለሁ አለ። አዲሱ መለኪያ መጥፎ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ሚዛን የሚቀይር ነጋዴ ሳይ እቃውን ሁለቴ ነው የማየው።

ቀጥሎ በሩ በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። አፕል በ2021 አይፎን ላይ መተግበሪያዎች ሰውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ አደረገ። ሜታ በየካቲት 2022 ይህ ለውጥ በዚያ ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያሳጣኛል አለ፤ ዕለታዊ ተጠቃሚው ለመጀመሪያ ጊዜ መቀነሱም አብሮ ተሰማ። በማግስቱ ድርሻው 26 በመቶ ወደቀ፤ በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ። መንገዱ የሌላ ሰው ሲሆን ኬላው የሱ ነው።

ከዚያ ዛፉ ስንት ዓመት ያፈራል? የቡና ተክል ከተከሉት ለሦስት አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከያዘ ግን ልጆች ያሳድጋል። በቆሎ ዛሬ ደርሶ ነገ የለም። ከፌስቡክ በፊት ገናና የነበረውን ማኅበራዊ መረብ ማይስፔስን፣ ኒውስ ኮርፕ የሚባል የሚዲያ ኩባንያ በ2005 በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2011 በ35 ሚሊዮን ገደማ ሸጠው። የመመለሻ ዓመቱ 104 ሲሆን ኩባንያው ያን ያህል የሚኖር መስሏችሁ እየከፈላችሁ መሆኑን አትርሱ።

አዲስ ድርሻም አለ። እነዚህ ኩባንያዎች ሠራተኛቸውን ከደመወዝ ሌላ በአክሲዮን ይከፍላሉ። ለአሥር ወንድማማች የተከፈለ ማሳ በየዓመቱ አንድ ወንድም ሲጨመርበት አስቡት። የድርሻውን ብዛት የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ጻፉ።

ባለድርሻ በኩባንያው ውሳኔ ላይ የሚሰጠው ድምፅስ በማን እጅ ነው? የሜታው መሪ ማርክ ዙከርበርግ ከባለድርሻዎች ድምፅ ከግማሽ በላዩ በእጁ ነው። የ17 ዶላር ነገር ሲነሣ ትዝ የሚለኝ ስናፕ (የስናፕቻት ባለቤት) በመጋቢት 2017 በ17 ዶላር የሸጠው አክሲዮን ጭራሽ ድምፅ የለውም። ያን ጊዜ ስናፕ ያለፈው ዓመት ገቢው 404 ሚሊዮን፣ ኪሳራው 515 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ድርሻው በ2018 መጨረሻ ከ6 በታች ወረደ፣ በ2021 ከ80 አለፈ፣ በ2022 ደግሞ ከ10 በታች ተመለሰ።

ገበያውም ይከፋዋል

ሜታ በኅዳር 2022 ወደ 89 ዶላር ሲወርድ ሙሉው ዋጋ 236 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ የዚያ ዓመት ትርፉ 23.2 ቢሊዮን። የመመለሻ ዓመቱ 10! በ2012 104 ዓመት እንጠብቃለን ያለ ገበያ፣ ሃያ ሦስት እጥፍ እያተረፈ ላለው ለዚያው ኩባንያ 10 ዓመትም መጠበቅ ከበደው። ምክንያት ነበረው፦ ቲክቶክ ወጣቱን እየወሰደ ነበር፣ የሜታቨርሱ (በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም የሚሠራው) ክፍል በዚያው ዓመት 13.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ግልብጡን ስሌት ብትሠሩት ግን ዋጋው ከኩባንያው የጠየቀው ከዚያ ቀደም ከሚያተርፈውም ያነሰ ነበር። በ2024 62.4 ቢሊዮን አተረፈ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ሙሉው ዋጋ 1.5 ትሪሊዮን ገደማ፣ የመመለሻ ዓመቱ 24። በኔ ሚዛን ይህኛው ትርፉ የሚያስረዳው ዋጋ ነው፤ ጥቂት ቢወደድም። የሚቀረኝ ጥያቄ በዚያው ዓመት ለማሽንና ለሕንፃ ያወጣው 39 ቢሊዮን ምን ያፈራል የሚለው ነው።

ቁጥሩን ከየት ታገኙታላችሁ

ከቴሌግራም አይደለም። የአሜሪካ ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ሁሉ ሰነዱን ኤድጋር በሚባለው የመንግሥታቸው መዝገብ ላይ በነፃ ያስቀምጣል። አዲስ ለሚሸጠው ኤስ-1 የሚባለውን፣ ነባሩን ደግሞ ዓመታዊውን 10-ኬ ፈልጉ። ከፊት ያሉትን ውብ ገጾች እለፉና «ስጋቶች» የሚለውን ምዕራፍ መጀመሪያ አንብቡ፤ ጠበቆች ስለጻፉት አሰልቺ ነው፣ ግን እውነቱ ያለው እዚያ ነው። ለአገር ውስጡም ያው ነው፤ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ላገናኝህ የሚል ሰው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ በሉት።

በዚያ ማታ ደብተሩ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍንና የእህቴ ልጅ ለግሩፑ አስተዳዳሪ ላከ። ጠቅላላ የድርሻው ብዛት ስንት ነው? ያለፈው ዓመት የተጣራ ትርፍ ወይም ኪሳራ ስንት ነው? ሰነዱ የት ይነበባል?

ትሪው ተነሥቶ ቡና ተፈላ። የመጀመሪያው መልስ «ወንድም፣ ድርሻው እያለቀ ነው፣ ፍጠን» የሚል ነበር። ልጁ ጥያቄዎቹን ደግሞ ላከ። ሁለተኛው ስኒ ሳይወርድ ከግሩፑ አስወጡት። በማግስቱ በብሩ የስልክ ስክሪን ማላቀቂያ ማሽን ገዛ፤ በስንት ወር እንደሚመለስለትም ደብተሬ ላይ ራሱ አስልቶ ጻፈ። ሰባት ወር ይላል።